«እማዬ፣ እናቱ መጣችለት?»

የዛሬው ደብዳቤ ከሁለት ልጆች እናት የመጣ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። ምክርዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። ጥያቄዬ ለሰው ቀላል ሊመስል ይችላል፤ እኔን ግን ከልቤ አስከፍቶኛል። ልጅ ሆኜ ገና በመጣ ቁጥር ከታላቅ ወንድሜ ጋር ‹ሆም አሎን› የሚለውን ፊልም እናይ ነበር። ካሴቱ ከማርጀቱ የተነሳ መሃል ላይ ምስሉ ይንቀጠቀጣል። የሚያስፈራ ቦታ ሲመጣ ዓይኔን እሸፍናለሁ። ወንድሜ ‹አለፈ፣ ክፈቺ› ይለኛል። ለልጆቼ አሳያቸዋለሁ እያልኩ ስንት ዓመት ጠበቅኩ መሰለዎት። ዘንድሮ ወንዱ 9፣ ሴቷ 5 ዓመት ሆናቸው። መብራት አጠፋሁ፣ ብርድ ልብስ አመጣሁ፣ መሃላቸው ተቀምጬ መቼ ይስቃሉ እያልኩ ፊት ፊታቸውን አያለሁ። ወንዱ ‹ለምን በሞባይል አይደውሉለትም?› አለ። ትንሽ ቆይቶ ‹እማዬ፣ ይደብራል› ብሎ ስልክ አነሳ። ሴቷ ልጁ ብቻውን መቅረቱን ስታይ ማልቀስ ጀመረች። ተናደድኩ። ጮህኩባቸው። ሳይጋመስ አጥፍቼው ወደ መኝታ ሰደድኳቸውና ብቻዬን ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ባለቤቴ ‹ተዪው፣ ጊዜው አልፎበታል› አለኝ። በሦስተኛው ቀን የትንሿን ፀጉር ሳበጥር ‹እማዬ፣ እናቱ መጣችለት?› አለችኝ። ቸኩዬ ስለነበር ‹አዎ፣ አዎ› ብዬ አለፍኩት። እንደገና ልሞክር ወይስ ልተወው? በፊልም መከፋትስ ልጅነት ነው?»

ውድ እህቴ፣

ስለ ፊልሙ ከማውራታችን በፊት ስለ ትንሿ ልጅሽ እናውራ። «እናቱ መጣችለት?» ያለችሽን በአንድ መስመር አልፈሽዋል። እኔ ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ ግን እሱ ነው። ፊልሙን ያጠፋሽው ቤተሰቡ ለገና ጉዞ ሲጣደፍ ረስቶት ልጁ ብቻውን በቀረበት ቦታ ላይ ነው። አንቺ መጨረሻውን በቃልሽ ታውቂዋለሽ። እሷ አታውቀውም። ለእሷ ያ ልጅ እስካሁን ባዶ ቤት ውስጥ ነው ያለው። ሦስት ቀን በሆዷ ይዛው ከርማ፣ ፀጉሯን ስታበጥሪላት አወጣችው።

ስለዚህ ሌላው ሁሉ ይቆይ። ዛሬ ማታ ጭንሽ ላይ አስቀምጫትና የመጨረሻዎቹን ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ አሳያት። የገና ጠዋት ነው። ልጁ ኬቨን እናቱን ፍለጋ ወደ ታች ይወርዳል፤ የለችም። ከዚያ ትመጣለች። ትንሽ ተራርቀው ቆመው ይተያያሉ። ይቅርታ ትጠይቀዋለች፣ ይተቃቀፋሉ። ወዲያው አባትየውና የቀሩት ልጆች ግር ብለው ይገባሉ። «አየሽ? መጣችለት» በያት። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ድገሚልኝ ካለችሽ ድገሚላት።

ለምን እንደዚያ እንዳለቀሰች ሳስብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ኬቨን ማታ ተናዶ «ቤተሰቦቼ በጠፉልኝ» ብሎ ይመኛል። ጠዋት ሲነሳ የሉም። ምኞቱ የደረሰ፣ እሱ ራሱ ያጠፋቸው ይመስለዋል። ለእኔና ለአንቺ ይህ ቀልድ ነው። የ5 ዓመት ልጅ ግን ምኞትንና የሆነውን ነገር ገና በደንብ አልለየችም። በልቧ ያሰበችው ክፉ ነገር እውነት ሊሆን ይችላል ብላ የምትፈራበት ዕድሜ ላይ ናት። በአንድ ወቅት ተናዳ «አልወድሽም!» ብላሽ ይሆናል። የማትል ልጅ የለችም። እና እንዲህ ያለች ልጅ፣ ክፉ ተመኝቶ ጠዋት እናቱን ያጣ ልጅ ስታይ ምን ይሰማታል? ያለቀሰችው ፊልሙ ስላልገባት አይደለም። በጣም ስለገባት ነው።

በዚህ ዕድሜ «ፊልም እኮ ነው፣ ውሸት ነው» የሚለው ማባበያም እምብዛም አይሠራም። ሰባት ስምንት ዓመት እስኪሆናቸው ድረስ ልጆችን በብዛት የሚያስፈራቸው በዓይናቸው ያዩት ነገር ነው። መልኩ ካስፈራ ያስፈራል፣ አለቀ። የሚያረጋጋቸው ጭን ነው፣ እጅ መያዝ ነው፣ የሚወዱት አሻንጉሊት ነው። መብራት ማጥፋቱም ለእሷ አልጠቀማትም፤ በሚቀጥለው ይብራላት። ምድር ቤት ያለው ማሞቂያ እሳቱን ይዞ አፉን የሚከፍትበት ቦታ አለ። አካፋ ይዞ የሚዞረው ጎረቤት ሽማግሌም አለ። ከመምጣታቸው በፊት ንገሪያት። «አሁን አንድ የሚያስፈራ ሽማግሌ ይመጣል፣ ግን በኋላ ጥሩ ሰው መሆኑን ታያለሽ» በያት። ለትንሽ ልጅ ታሪኩን ቀድሞ መንገር ደስታዋን አይቀንስባትም። እንዲያውም ደፍራ እንድታይ ያደርጋታል።

ፊልሙን በሙሉ ለማሳየት ግን ለእሷ ሁለት ሦስት ዓመት ብትጠብቂ ደስ ይለኛል። መጨረሻውን ካየች አይቸኩልም።

ወደ ወንዱ ልጅሽ ልምጣ። «ለምን በሞባይል አይደውሉለትም?» ያለው ፊልምሽን ለማናናቅ አይመስለኝም። እያየ ነበር ማለት ነው። የማያይ ልጅ አይጠይቅም። ፊልሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው፤ ያኔ በየሰው ኪስ ስልክ የለም። ነፋሱ የመብራትና የስልክ መስመሩን ጥሎታል። እናትየዋ ፖሊስ ሄዶ እንዲያይላት ታደርጋለች፤ ፖሊሱ በሩን አንኳኩቶ መልስ ሲያጣ ይመለሳል። ይህን ንገሪው። ልጅሽ ነቃ ያለ ከሆነ ደግሞ «መስመሩ ከተበላሸ ኬቨን ፒዛውን በምን አዘዘ?» ሊልሽ ይችላል። ይበልሽ! ፊልሙን አቁማችሁ ተከራከሩበት። ለ9 ዓመት ልጅ ፊልም መውደድ ማለት አንዳንዴ ስህተቱን ማግኘት ነው።

ደግሞ አስቢው፤ እሱ ያላየው የትኛውን ነው? አንቺ ከወንድምሽ ጋር ሆዳችሁን ይዛችሁ የሳቃችሁበትን ክፍል ነው። ኬቨን ቤቱን ሊዘርፉ ለሚመጡት ሁለት ሌቦች የሚያዘጋጃቸው ወጥመዶች የሚጀምሩት ፊልሙ ከተጋመሰ ብዙ ቆይቶ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሻንጣ ማዘጋጀት፣ መጨቃጨቅ፣ አውሮፕላን መሳፈር ነው። ለእኛ ያ ሁሉ ይጣፍጣል፣ ምክንያቱም ምን እንደሚመጣ እናውቃለን። ለእሱ ግን የማያውቀው ቤተሰብ ጫጫታ ነው። ፈጣን ነገር የለመደ ልጅ እዚያ ላይ ቢሰለች አልፈርድበትም።

ስለዚህ ለእሱ ብቻውን፣ እህቱ በሌለችበት አሳዪው። ከፈለገ ሌቦቹ ወደ ቤቱ ከሚገቡበት ይጀምር። አውቃለሁ፣ ፊልም ከመጨረሻው አይጀመርም የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ስንቶቻችን ነን የምንወደውን ፊልም መጀመሪያ ያየነው ቴሌቪዥን ስንከፍት ከመሃሉ ይዘን? ደስ ካለው መጀመሪያውን ራሱ ይጠይቅሻል።

እንዴት እንደተሠራም ንገሪው፤ በዚህ ዕድሜ ይህን የሚወድ ብዙ ነው። የሚወድቁት፣ የሚንሸራተቱት፣ ደረጃ ላይ የሚፈነገሉት ለዚህ የሠለጠኑ ባለሙያዎች ናቸው። ከሌቦቹ አንዱን ሆኖ የሚጫወተው ዳንኤል ስተርን ፊት ላይ የተቀመጠችው ትልቋ ሸረሪት ግን እውነተኛ ናት። ኬቨን የሚያየው ያ ጥቁርና ነጭ የወንበዴዎች ፊልም ደግሞ የድሮ ፊልም አይደለም፤ ለዚሁ ፊልም ተብሎ የተቀረጸ ነው። ስንቱ አዋቂ ፈልጎት አጥቷል! ይህን ለጓደኞቹ ሲያወራ ይታይሻል።

አንድ ነገር ግን ኮስተር ብለሽ ንገሪው። ፊት ላይ ያረፈ የቀለም ጣሳ ወይም ካውያ በእውነት ሰው ይገድላል። ደረጃ ላይ ውሃ አፍስሶ በረዶ ማድረግ ጨዋታ አይደለም። ልጆች ያዩትን ይሞክራሉ። አንዴ በግልጽ ከነገርሽው በኋላ ይሳቅ፣ ተዪው።

አሁን ከሁሉ በላይ ልልሽ የፈለግኩትን ልበልሽ። ያን ማታ አንቺ ፊልሙን አላየሽም። ፊታቸውን ነው ያየሽው።

ይህን የምልሽ እኔም ስላደረግኩት ነው። የመጀመሪያ ልጄ ስድስት ዓመት ሲሞላት፣ በልጅነቴ የምወደውን ንግግር የሌለው አጭር የካርቱን ፊልም አሳየኋት። በየደቂቃው ዞር እያልኩ «አያምርም? አያምርም?» እላታለሁ። «ያምራል» አለችኝ። እንዳልከፋ ብላ ነው ያለችው፤ ከድምፅዋ አወቅኩት። ስድስት ዓመት ልጅ እኔን ልታጽናና! ያ እስከ ዛሬ ያመኛል። እኔ ደስታ የሰጠኋት መስሎኝ ሥራ ነበር የሰጠኋት። ልጅ እንደሚጠበቅበት ሲያውቅ ሁለት መንገድ ነው ያለው። ወይ ለእናቱ ብሎ ይስቃል፣ ወይ ስልክ ያነሳል። የአንቺ ልጅ ስልክ አነሳ። ቢያንስ አልዋሸሽም።

ወንድምሽን አስታውሺው። «አለፈ፣ ክፈቺ» ሊልሽ የቻለው ዓይኑ ፊልሙ ላይ ስለነበረ ነው። ትወጂው እንደሆነ አልጠየቀሽም። ፊልሙ የእሱም ነበር፤ አጠገቡ ቦታ ሰጠሽ፣ በቃ። አንቺም እንደዚያ ሁኚ። ለራስሽ ብለሽ ክፈቺው። ልብስ እያጠፍሽም ቢሆን እዪው። በሚያስቅሽ ቦታ ከልብሽ ሳቂ። ልጅ እናቱ ብቻዋን ስትስቅ ሰምቶ አይቀርም። በር ላይ ቆሞ ያያል፣ ቀስ ብሎ ይገባል፣ የሶፋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ያኔ ዞር ብለሽ አትዪው። እባክሽ አትዪው።

ሌላም ነገር አለ። አንቺ ፊልሙን የወደድሽው በመጀመሪያው ቀን ነው? ደግመሽ አስቢ። ካሴቱ እስኪያረጅ ድረስ ነው ያያችሁት። ምስሉ የሚንቀጠቀጥበት ቦታ እንኳን ትዝ ይልሻል። ልጆችሽን ግን በአንድ ማታ፣ ያውም በ40 ደቂቃ ውስጥ፣ አንቺ በብዙ ዓመት የደረስሽበት እንዲደርሱ ጠበቅሽ።

አሜሪካኖች በገና የሚያዩት አንድ አሮጌ ፊልም አለ፣ «ኢትስ ኤ ወንደርፉል ላይፍ» ይባላል። ዳይሬክተሩ ፍራንክ ካፕራ እ.ኤ.አ. በ1946 ሲያወጣው ሲኒማ ቤት ወጪውን እንኳ አልሸፈነም። ብዙ ሰው ረሳው። እ.ኤ.አ. በ1974 የቅጂ መብቱ በጊዜው ሳይታደስ ቀረና ቴሌቪዥን ጣቢያዎች በነፃ የሚያሳዩት ፊልም ሆነ። በየገናው ደጋግመው ለቀቁት። ሰው እራት ሲያቀርብ፣ ስጦታ ሲጠቀልል ከጀርባው ይናገራል። በዚህ መንገድ ነው የአንድ ትውልድ ትዝታ የሆነው። ማንም ቁጭ ብላችሁ ውደዱ አላላቸውም።

ትንንሾቹ ላይ ደግሞ ይህ በደንብ ይታያል። «ብሉስ ክሉስ» የሚባለው የልጆች ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሲጀመር አንዱን ክፍል አምስት ቀን አከታትለው ነበር የሚያሳዩት፤ ያንኑ ክፍል፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ። ልጆቹ አልሰለቹም። በደገሙት ቁጥር የበለጠ ይገባቸዋል፣ መልሱን ቀድመው ይጮሃሉ። ልጅ የሚያውቀውን ነገር ነው የሚወደው። ስለዚህ ዘንድሮ የመጨረሻውን አየች፣ ወንዱ ወጥመዶቹን አየ። ከርሞ ትንሽ ይጨመርበታል። ካልፈለጉም ይቅር፤ አታስገድጂ። ስልክ አስቀምጥ ብሎ ተቆጥቶ ያሳዩት ፊልም የሚያስታውሰው ቁጣውን ነው።

ቁጣውን ካነሳን አይቀር፣ ይቅርታ ጠይቂያቸው። ረጅም መሆን የለበትም። «ያን ማታ የጮህኩት እናንተ ስላጠፋችሁ አይደለም። ይህን ፊልም በጣም ስለምወደው ነው የከፋኝ። መጮህ ግን አልነበረብኝም።» ይበቃል። ፊልሙም ራሱ የሚያልቀው ይቅርታ በምትጠይቅ እናት መሆኑን ልብ በይልኝ።

«መከፋት ልጅነት ነው?» ላልሽው፣ አይደለም። የምንወደውን ነገር ለምንወደው ሰው ስናቀርብ ሆዳችንን ገልጠን ነው የምናቀርበው። «ይደብራል» ሲሉን ፊልሙ ብቻ የተነቀፈ አይመስለንም። የዘጠኝ ዓመቷ አንቺ ናት የተነቀፈችው። ልጅሽ ግን እሷን አያውቃትም። የሚያውቃት እናቱን ነው። እሷን ማስተዋወቅ ትችያለሽ፤ የግድ በፊልሙ መሆን የለበትም። ምስሉ የሚንቀጠቀጥበት ቦታ ሲደርስ ምን ታደርጉ ነበር? ዴኩን ትመቱት ነበር? ካሴቱን አውጥታችሁ መልሳችሁ ትከቱት ነበር? ያን አውሪላቸው።

ብቻሽን ተቀምጠሽ ያለቀስሽው ላይ አንድ ጥርጣሬ አለኝ። ልጅ ሆነሽ ስታዪው አንቺ ኬቨን ነበርሽ። ነፃነቱን፣ አይስክሬሙን፣ አልጋ ላይ መዝለሉን ነው ያየሽው። አሁን እናት ሆነሽ ስታዪው አውሮፕላን ውስጥ ደንግጣ የምትጮኸው ሴትዮ ሆነሻል። ልጇ ጋ ለመድረስ ያላትን ሁሉ የምትሰጠው፣ በመጨረሻም ከማታውቃቸው ሙዚቀኞች ጋር በጭነት መኪና ውስጥ ሌሊቱን የምትጓዘው እሷ። በልጅነትሽ ይህን ክፍል ቶሎ ይለፍልን ትዪ እንደነበር እገምታለሁ። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ዛሬ ከወጥመዶቹ ሁሉ ይልቅ የሚያስለቅሰኝ እሱ ነው። ልጆችሽ ይህን ሊያዩት አይችሉም፣ ሊያዩትም አይገባም። የእነሱ ተራ ኬቨንን መሆን ነው። የአንቺ ፊልምና የእነሱ ፊልም አንድ ሶፋ ላይ ሆናችሁም ቢሆን ሁለት ነው። ይህ ቅር አይበልሽ።

ባለቤትሽን በተመለከተ ብዙ አልልም። «ጊዜው አልፎበታል» ያለሽ ሊያጽናናሽ ይመስለኛል። እሱ በልጅነቱ ምን ያይ እንደነበር ጠይቂው። ምናልባት ማንም ጠይቆት አያውቅም።

ልጆችሽንም ጠይቂ። «እናንተ የምትወዱትን አሳዩኝ» በያቸው። ሲያሳዩሽ ደግሞ አንቺ ስልክሽን አስቀምጪ። ይህን ከባድ የቤት ሥራ ነው የምሰጥሽ፤ የእነሱ ፊልም ሊያደክምሽ ይችላል። ያቺ የመጀመሪያ ልጄ እኔ ያሳየኋትን ካርቱን ዛሬም አትወደውም፤ ትልቅ ሰው ሆናለች። እሷ በስምንት ዓመቷ ያበደችለት አንድ የገና ፊልም ነበር፤ ጫጫታው ራሴን ያዞረኝ ነበር። ስለ እሷ ብዬ አሥራ ምናምን ጊዜ አየሁት። አሁን ያ ፊልም በአጋጣሚ በቴሌቪዥን ሲመጣ አልዘጋውም። ፍራሹን አውርደን መሬት ላይ ተኝተን ያየነው ትዝ ይለኛል፤ እሷም ስትደውልልኝ የምታነሳው ፍራሹን ነው።

ወንድምሽ አሁን የት እንዳለ አልነገርሽኝም። በሕይወት ካለና ካልተራራቃችሁ፣ ከርሞ ገና ሲደርስ ጥሪው። ሩቅ ከሆነ በስልክ ምስል ይግባላችሁ። ልጆቹ መሃል ይቀመጥ። የሚያስፈራው ቦታ ሲመጣ ትንሿ ዓይኗን ስትሸፍን ምን እንደሚላት ያውቃል።